የስታንካ ፊት አውቶብስ ላይ አይለጠፍም

አይሆንም ብያለሁ አይሆንም፣ አለቃዬ ዶክተር ካልቼቭ ግን ጠረጴዛዬን በጣቱ እየመታ አሁንም ኮምፒውተሩን ያያል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ስታንካ ትስቃለች፣ የካንሰሩ መድኃኒት ፀጉሯን አርግፎት፣ አፏን ከፍታ፣ ግሩም ፎቶ ነው፣ አልክድም፣ የመረጥኩትም እኔ ነኝ፣ የሆስፒታሉ ሕዝብ ግንኙነት እኔ አይደለሁ፣ ለምሥረታ በዓላችን ከከተማችን ከሩሴ በሚወጡ አውቶብሶች ሁሉ ላይ ሊለጠፍ ነው፣ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀን ነው።

ፈርማለች እኮ፣ ይላል። ፈርማለች፣ ለሕክምናው፣ አልጋ ስትይዝ። ፎቶ አንሺው ፕላመን ለክፍሉ ግድግዳ ነው ብሏት ነው የሳቀችው፣ ለነርሶቿ፣ ሕጉ ደግሞ ለዚህ የፈቀደ ለዚያም ፈቅዷል አይልም።

ጠዋት ደወልኩላት። እትዬ ስታንካ፣ ፎቶዎን አውቶብስ ላይ ልናወጣው አስበን ነበር። ልጄ፣ የስቪሽቶቭ አውቶብስ ላይም? አዎ። እንግዲያው ይቅርብኝ፣ እናቴ እዚያ ናት፣ ፍል ውሃ ሄጃለሁ ብያታለሁ፣ በየቀኑ እየደወለች ውሃው ተስማማሽ ወይ ትለኛለች፣ ቆዳዬ የሕፃን ሆኗል እላታለሁ፣ ስድን ራሴ እነግራታለሁ፣ ከአውቶብስ ላይ አትስማው።

ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ። ማን ይከሰናል አንቺ፣ ምስኪን ሴትዮ ናት፣ ያያት ሁሉ ጀግና ነው የሚላት፣ ይላል። ጀግና። ጀግንነትም በግድ ሆነ እንግዲህ። ክሱን ምን አባቱ፣ እምቢ ብላለች፣ አለቀ።

ዞርኒትሳ፣ ላኪው፣ ይለኛል። አልልክም። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳለሁ። እንግዲያው ሰኞ እንዳትመጪ። እሺ። እሺ አልኩ? የመንግሥት ሥራ ወርውሬ እናቴን ምን ልላት ነው፣ ይሁን፣ ቢያንስ ከእኔው አፍ ትሰማዋለች።

ታዲያ ምን ይለጠፍ፣ ባዶ ወረቀት? ይላል። እጄ ቀድሞኝ ሌላ ፎቶ ይከፍታል፣ የሠራተኞች ሽርሽር፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር፣ እሱ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ተፈትቶ፣ የዓሣ ሾርባ አገጩ ላይ፣ እየሳቀ፣ ከልቡ። ይሄስ ዶክተር?

ማነው ያነሳኝ? ፕላመን። እኔን ሳትጠይቁ?

ቃሉ አምልጦት ነው፣ ጆሮው ሲቀላ አያለሁ፣ አልስቅም፣ ብስቅ ያልቅልኛል፣ ዓይኔን ግን ከፊቱ አልነቅልም። ሕንፃውን አድርጊው፣ ይላል ወደ በሩ እየዞረ፣ ስለ ሰኞ ትንፍሽ አላለም፣ ቢልም እመጣለሁ፣ ካሻው የስንብት ደብዳቤ ይጻፍልኝ፣ ምክንያቱንም በፊርማው ያስፍር። ሕንፃውን እልካለሁ፣ ግራጫ፣ አስቀያሚ፣ ያነሳሁት እኔ፣ ይለጠፍ።

ስልኩ፣ ስታንካ ናት። ተውት? ተውነው፣ እትዬ ስታንካ። ትተነፍሳለች፣ ረጅም። ፎቶው ግን እንዴት ነው፣ ቆንጆ ወጥቻለሁ? በጣም። እንግዲያው ላኪልኝ ልጄ፣ ለእኔ ብቻ።