የዓርቡ ጭኮ

የብቸናው ሳይክል ጠጋኝ ሰማው ከሰው እጅ መቀበል የሚከብደው ሰው ነበር። ልጁ ብሩክታይት በሳንባ ምች ስትወድቅበት፣ ብትድንልኝ ብሎ ለሞጣ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ተሳለ። ዳነችለት። እሱም ጥላውን በሳይክል ጭኖ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ አቆራርጦ፣ የራሱን ስንቅ እየበላ፣ ማንንም ሳያስቸግር ሊያደርስ ለራሱ ቃል ገባ። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም።

በ1995 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወጣ። ፓምፑን፣ ማስቲሹን፣ ትርፍ የጎማ ካላማዳሪያውን፣ ብርድ ልብሱን ይዟል። ሚስቱ ሸዋነሽ በቅቤ ያራሰችውን ጭኮም አልረሳም። የረሳው የጮቄን ነፋስ ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣበት ሳይክሉ እሱን መሸከሙን ትቶ እሱ ሳይክሉን ተሸከመ። ማታ ሞጣ እገባለሁ ያለው ሰውዬ የጓሳ ሣሩ መሀል አደረ።

ነጋ፤ ዓርብ ሆነ። ዓርብ ጾም ነው፣ ጭኮው ደግሞ ቅቤ በቅቤ። ነገ ጊዮርጊስ ስለሆነ ጥላው ለቅዳሴ መድረስ አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዳገቱን ሲገፋ ቆይቶ ጉልበቱ ከዳው። ሙሉ ስንቁን ታቅፎ በረሃብ ተንቀጠቀጠ።

እዚያው አጠገብ ድንች የሚቆፍሩ ሀብትነሽ የሚባሉ እናት አዩት።

“ልጄ፣ ታመሃል?”

“ደክሞኝ ነው እናቴ።”

የተቀቀለ ድንች ከጨው ጋር ዘረጉለት።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ስንቅ አለኝ” አላቸው።

“እስቲ አሳየኝ።”

ሲከፍተው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። የልጁን ሕመምና የገባውን ቃል ሲነግራቸው ግን ሳቁን ተዉት።

“ልጅህን ሐኪም ቤት ማን አደረሳት?”

“ጎረቤት ነው። መኪና ጠፍቶ በቃሬዛ ወሰድናት።”

“ብቻህን ብትሆን ትደርስልህ ነበር?”

ሰማው ቃሬዛውን አስታወሰ። ያን ቀን ዝናቡ ዶፍ ነበር። ጎረቤቱ ፋንታ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት በባዶ እግሩ ተሸክሟታል። ሌላዋ ጎረቤት ይርጋነሽ ነጠላዋን አውልቃ ልጅቱን አልብሳለች። እሱ ግን ለጊዮርጊስ ሲሳል አንዳቸውንም በቅጡ አላመሰገነም። አፈረ። ድንቹን ተቀብሎ እስኪጠግብ በላ፤ እንደዚያ የጣመው ምግብ አልነበረም።

ጭኮውን፣ “ነገ ይብሉልኝ” ብሎ ትቶላቸው ተነሳ። ሴትዮዋ መቆፈሪያቸውን ጥለው ሳይክሉን ከኋላ እየገፉ ዳገቱን አስወጡት። ተዉኝ አላላቸውም። አፋፉ ላይ ጉልበታቸውን ስሞ ተሰናበታቸው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በፊት ሞጣ ደረሰ። ጥላውን የተረከቡት ቄስ ሣህለ ማርያም፣ ለምእመናኑ ሲያሰሙ ባለ ስለቱን ማን ብለው እንደሚጠሩ ጠየቁት።

“ፋንታ ይበሉ። ይርጋነሽ። ከጮቄ ደግሞ ሀብትነሽ።”

ቄሱ ጻፉና ቀና አሉ።

“የአንተስ ስም?”

“እኔ ጥላውን ይዤ የመጣሁት ብቻ ነኝ” አላቸው።