የአልቃሿ ልጅ መጣጥፍ

1.

«አልቃሾች ላላዘኑለት ሰው የሚያለቅሱ፣ ያልተማሩ ሴቶች ናቸው።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም የፊደል ስሕተት የለም። ቀዩን ብዕሬን ያነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

2.

አንባቢዬ፣ እኔ አማርኛ ሳስተምር የሸመገልሁ ጡረተኛ ነኝ። ምንታምር የጎረቤቴ ልጅ፣ የዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ናት፤ ስለ ሙሾ ግጥም የጻፈችውንና ነገ የምታስረክበውን መጣጥፍ እንዳርምላት አምጥታልኛለች። እናቷ ወይዘሮ ደብሬ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው አልቃሽ ናቸው።

አሁን ቁጥር 1ን መልሰው ያንብቡ።

3. እርማት

ገጽ አንድ፦ ንጹሕ።

ገጽ ሁለት፦ ንጹሕ።

ገጽ ሦስት፦

ንጹሕ።

እንዲህ ያለው ንጽሕና ከየት እንደሚገኝ አውቃለሁ። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት የተደረደሩት ጽሑፍ ቤቶች «የመመረቂያ ጽሑፍ እናዘጋጃለን» የሚል ማስታወቂያ መስተዋታቸው ላይ ለጥፈዋል። በጠራራ ፀሐይ። (ይህን ክፍል እዚህ ላይ የምቋጨው ቁጣዬ እንዳይረዝም ነው።)

4. ገጽ አራት፣ እንዳለ

«የሰፈራችን ጫኝና አውራጅ ሲሞት ዘመድ ስላልነበረው ድንኳኑ ውስጥ የሚያለቅስለት ጠፋ እናቴ ወጡን ከእሳት አውርዳ መጣችና ደረቷን እየመታች

ዘመድ የለው ብሎ ሰው አይራቅበት
እህት ተወለደች በሞተበት ዕለት

አለች ያን ጊዜ በር ላይ ቆመው የነበሩት ወንዶች ገብተው አለቀሱ እኔም ስሙን እንኳ ሳላውቅ አለቀስኩ»

አራት ነጥብ የለውም። ነጠላ ሰረዝ የለውም።

ባለቤት ግን አለው።

5. የተባባልነው

እኔ፦ ሦስቱን ገጽ ማን ጻፈው?

ምንታምር፦ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።

እኔ፦ ምንታምር።

ምንታምር፦ ...ጽሑፍ ቤት ያለው ልጅ ነው።

እኔ፦ ለቅሶ ደርሶ ያውቃል?

ምንታምር፦ እኔ ምን አውቄ። ሁሉም እዚያ ነው የሚያሠራው። እንዲያውም አራተኛውን ገጽ አውጪው፣ ይጥልሻል ብሎኛል። እርስዎ ነጠላ ሰረዙን ብቻ ይዩልኝ።

እኔ፦ ነጠላ ሰረዙን ልይ። «ያልተማሩ» የተባሉትን እናትሽን አልይ?

ምንታምር፦ እማዬ እንደሆነች አታነበውም።

እኔ፦ አንብቢልኝ ያሉሽ ዕለትስ?

ምንታምር፦ ብወድቅስ፣ ጋሼ? ለምርቃቴ ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች እኮ።

ቁጣዬ ግን አልበረደም።

6. እርማት

ሦስቱን ንጹሕ ገጾች ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዝኋቸው። በአራተኛው ላይ ነጥቦቹን ብቻ አኖርሁ፤ አንዲት ቃል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁምም። ከሥሩ ባዶ ወረቀቶች አያይዤ ፊቷ አስቀመጥሁ።

«ገና ቀን ነው» አልኋት። «ተቀመጪና ጻፊ።»

«ጽሑፍ ቤቱም እስካሁን አልተዘጋም» አለች። ግን አልተነሣችም።

7.

ወይዘሮ ደብሬ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«መምህር፣ ይቺ ልጅ አደረቀችዎት አይደል? አስተምሬ አስተምሬ ምን እንደተማረች ሳልሰማ ልሞት ነው። በይ እስቲ፣ እኔም ልስማው።» ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ።

ምንታምር ብድግ አለች። የተሰረዙትን አየች፣ ባዶዎቹን አየች። ከባዶዎቹ አንዱን አነሣች። ጉሮሮዋን ጠርጋ ማንበብ ጀመረች፦

8.

«አልቃሾች



                              »