አራት ሺህ ኬ

በመተማ ዮሐንስ የመብራት አባቱ እኔ ሽመክት ነኝ። የሰሊጥ መጋዘኑ፣ ትራክተሩ፣ ባጃጁ፣ ብቻ የሚበራ ነገር ሁሉ በእጄ አልፏል። ያልነካሁት ፀሐይን ብቻ ነው፤ እሷንም መሰላል ጠፍቶ እንጂ!

ስለዚህ ሽቶ ነጋዴዋ ሐጃ ዘሀቢያ «ኡስታ ይምጣ» ብለው ሲያስጠሩኝ አልገረመኝም። ኡስታ በሱዳኖቹ አፍ የእጅ ሙያ ሊቅ ማለት ነው። ለሌላው በይሉኝታ ይሰጣል፤ ለእኔ ግን ያንሰኛል።

ሱቃቸው ውስጥ ቁም ሳጥን የሚያክል የመስታወት ገንዳ አለ። በጨው ውሃው ውስጥ ከፖርት ሱዳን የመጣ መርጃን ተቀምጧል፤ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው፣ ትንንሽ ጣቶች የሚዘረጋ፣ በብርሃን የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው። አምፖሉ ከተቃጠለ አራተኛ ቀኑ። ሐጃ የተወለዱት እዚያው ወደቡ አጠገብ ነው። ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋው ወዲህ ሌላ መርጃን አይመጣም፤ ይህ ከሞተ አለቀ።

ወንድማቸው ከዱባይ ሁለት የሜታል ሃላይድ አምፖል ልኳል፣ ባለሙያ ይምረጥ ብሎ። ሁለቱም 250 ዋት። አንዱ ላይ 4,000 ኬ፣ ሌላው ላይ 14,000 ኬ ተጽፏል።

«ኬዋ ምንድን ናት፣ ኡስታ?»

«ኬልቪን ትባላለች፣ ሐጃ። የሙቀት መለኪያ ናት» አልኩ፣ ፋብሪካውን እኔ የተከልኩት ያህል ተኮሳትሬ።

«የትኛው ይሻላል ታዲያ?»

«በመተማ ሚያዝያ አሥራ አራት ሺህ ሙቀት? ዓሣ ወጥ ሊሠሩ ነው እንዴ? አራት ሺውን ይያዙና በረድ ይበሉ!»

አራት ሺውን ሰቀልኩት። ገንዳው የሰሊጥ ዘይት መሰለ። «ምን ያለ ግርማ!» ብዬ ራሴን አመሰገንኩ፤ ሌላ የሚያመሰግን አልነበረማ።

በሳምንቱ ተሳቢ ስበይድ ሐጃ በባጃጅ ከተፍ አሉ።

«ባሕሬን የሽንፋ ወንዝ አድርገህልኝ አረፍክ! ያውም የክረምቱን! መስታወቱን አረንጓዴ ልጋግ ለብሶታል፤ መርጃኑ ጣቶቹን ሰብስቦ ነጥቷል።»

«ይለምደዋል።»

«ዝም በል!» ዓይናቸው ሥራዬ ላይ አረፈ። «ይሄ ብረት ሲግል መጀመሪያ ምን ይሆናል?»

«ቀይ።»

«ሲብስበትስ?»

«ብጫ፤ ከዚያ ነጭ።»

«ከሁሉ የባሰው የመበየጃህ ብልጭታስ?»

«ሰማያ...» አፌ እዚያው ተበየደ።

«ትልቁ ቁጥር ሰማያዊው ነዋ! መርጃን የለመደው ደግሞ የባሕሩን ሰማያዊ ነው! የቀለሙ ቁጥር ነው! ውሃውን የሚያሞቀውማ ዋቱ ነው፤ እሱ ደግሞ እኩል ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ስታይ ኖረህ!»

የዚያኑ ዕለት አሥራ አራት ሺውን ሰቀልኩ፤ መርጃኑ እንዳይደነግጥ ከፍ አድርጌ፣ መጀመሪያ በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ። ገንዳው ባሕር ሆነ። ሐጃ ወንበር ስበው ፊቱ ተቀመጡ፤ ለገበያተኛም አልተነሡ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከመርጃኑ አንዲት ጣት ተዘረጋች።

«ና እስኪ እያት፣ አራት ሺህ» አሉኝ እየሳቁ።

ኡስታነቴ በዚያው ቀረ። አሁን ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «አራት ሺህ!» ይለኛል። ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ እንግዳ ሲገኝ፣ «የጠገንኳቸው ትራክተሮች ብዛት ነው» እላለሁ። «ለዚያውም የዘንድሮዎቹ ብቻ።»