የረዳቱ ፊት

ጥርስ ሠሪው ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ ብቅ ያለ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ ጥርሳቸው ላለቀባቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። በዚህ ሥራው ማንም አይስቅበትም። የሚሳቅበት ከሥራ መልስ በሚያደርገው ነው። ከመኝታ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መደርደሪያ በመደርደሪያ ላይ፣ ከሰባት መቶ በላይ የፕላስቲክ ሰዎች አሉት። ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ጭንቅላታቸው ይነቀላል፣ ፀጉራቸው እንደ ቆብ ይወልቃል፣ የአንዱ እጅ ለሌላው ይሆናል። ከፋብሪካ እንደወጡ ሰብስቦ ማስቀመጥ የሚወድ አለ፤ እሱ የሚወደው ግን ነካክቶ ሌላ ሰው ማድረግ ነው። በጥርስ መሰርሰሪያው ጺም ይቀርጽላቸዋል፣ ሦስት ፀጉር ብቻ በቀረው ብሩሽ ቅንድብ ይስልላቸዋል። ድድ ከሚሠራበት ሮዝ ፕላስቲክ ቁራጭ ሲተርፈው ለአንዷ የእጅ ቦርሳ ይሆናታል።

ሚስቱ «ሕዝብህ» ትላቸዋለች። «ሕዝብህ አቧራ ለብሷል» ትለዋለች፤ ወይም ደግሞ «ሕዝብህን ተሰናበትና ና ራት ብላ»። ክፋት የላትም። ልደቱ ሲደርስ ቀጭን ብሩሽ የምትገዛለትም እሷው ናት።

እህቱ ግን አንድ ቀን ስቃበት አታውቅም፤ ጠይቃውም አታውቅም። ልትጠይቃቸው ስትመጣ በዚያች ክፍል በር ላይ የታመመ ሰው እንደተኛበት ቤት ቀስ ብላ ታልፋለች። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠዋለች። እናትና አባታቸው ካለፉ በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ከባሏ ጋር። እሷ ሳትስቅበት ዝም ማለቷ ከሚስቱ ቀልድ ይልቅ ሲከነክነው ኖሯል።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቦርሳዋ የታጠፈ መሐረብ አውጥታ፣ «ይሄ ያንተ ሙያ ነው መሰለኝ» ስትለው ልቡ ዘለለ። መሐረቡን ሲፈታው ወዲያው አወቀው። ረዳቱ ነበር።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። የራሱን መስመር ያገኘ ቀን የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ፣ የዛሬው ጥርስ ሠሪ፣ የሚሰጠው ነገር ቢያጣ ያለችውን አንዲት አሻንጉሊት ሰጠው፤ ቀይ ቆብና ሰማያዊ ጃኬት ያደረገች፣ ፈገግ ያለች የፕላስቲክ ሰው። ሾፌሩ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ በማጣበቂያ አጣበቀና «ረዳቴ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት አውራ ጣቱን የአሻንጉሊቱ ፊት ላይ ጫን አድርጎ፣ «ረዳት፣ ሁሉም ገብቷል?» ይለዋል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ቆሞ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ በረዳቱ ፈንታ ይመልሳል፤ «ገብቷል ጋሼ፣ ሂድ!» ልጁ አደገ፣ ተማረ፣ አገባ። ሾፌሩ ግን ጡረታ እስኪወጣ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ያንኑ ፊት እየተጫነ ያንኑ ጠየቀ። ሲወጣ በቢላ ፈንቅሎ ይዞት መጣና ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አቆመው። ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።

«መስኮት ስወለውል እጁ ወልቆ በሳህን ማጠቢያው ቀዳዳ ገባ» አለች እህቱ። «እጁን ብቻ ሥራልኝ።»

«ምን ችግር አለው እትዬ! እንደ አዲስ ነው የማደርግልሽ።»

«እጁን ብቻ» አለች ደግማ።

ሰኞ ዕለት ረዳቱን ይዞት ላቦራቶሪ ገባ። እዚያ አንድ ሕግ አለ፤ ልኩ ሳይወሰድ ምንም ነገር አይነካም። ጥርስ ይሁን ሌላ፣ መጀመሪያ ለስላሳው ሲሊኮን ይጫንበታል፤ ሲሊኮኑ ሲደርቅ ለሁለት ይከፈልና ዕቃው ይወጣል፣ ቅርጹ ውስጡ ይቀራል። ይህን ሠላሳ ዓመት ስላደረገው እጁ ሳያስበው ያደርገዋል። የረዳቱንም ልክ ወሰደ፤ አስቀመጠው፤ ረሳው። ጎዶሎውን እጅ ቀርጾ፣ አሙቆ፣ ትከሻው ላይ ገጠመው። ጠቅላላ የሁለት ሰዓት ሥራ ነበር። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ የምናወራው ነገር ባልኖረ።

ግን መብራቱ ሥር አስቀምጦ አየው። ፊት የለውም። ዓይኑም አፉም ከጠፋ ቆይቷል፤ እንዲያውም ፊቱ የነበረበት ቦታ እንዳገለገለ ሳሙና ጎድጉዷል። ሰማያዊው ጃኬት በፀሐይ ብዛት አመድ መስሏል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ መሰብሰብ የሚወዱ ሰዎች እጃቸውን ይበላቸዋል፤ ለእነሱ የተፋቀ ቀለም ሕመም ነው፣ ጭረት ሕመም ነው። እሱ ደግሞ ፊቱን አንድ በአንድ ያስታውሰዋል። የፈገግታው ግራ ጫፍ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጃኬቱ ላይ ሁለት ቢጫ ቁልፎች አሉ። እህቱ በዕድሜዋ ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙያውን አምና መጥታለች። በአንድ እጅ ብቻ ሊመልሳት?

በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ጎድጓዳውን በሙጫ ሞላ፣ እንደገና ፋቀው፣ አለሰለሰው። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ዓይኑን ሳለ፣ ፈገግታውን ሳለ፣ ቁልፎቹን ሳለ፣ ቫርኒሽ ቀባው። ከመታደሱ በፊትና በኋላ የተነሣውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ እንደሱ ላሉ ወዳጆቹ በስልክ ላከላቸው። «እጅህ ይባረክ» አሉት። አንዱ «ከሞት አስነሣኸው» ብሎ ጻፈለት፤ ይህቺን ለሚስቱ ጮክ ብሎ አነበበላት።

ረዳቱን ሲመልስላት እህቱ ወጥ ቤቷ ቆማ መሐረቡን ፈታች። እሱ አጠገቧ ቆሞ ፊት ፊቷን ያያል። አውራ ጣቷ ማንም ሳያዘው ወደ ረዳቱ ፊት ሄደ። ተንሸራተተ። መልሳ አስቀመጠችው፤ አሁንም ተንሸራተተ። አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለገች።

«እጁ ተሠራ» አለች። «ጎበዝ።»

«ፊቱንም እኮ እትዬ…»

«አየሁት። ቆንጆ ነው። ሻይ ላፍላ?»

ሻዩን ጠጣ፤ ስለ ጉልበቷ ሕመም አወሩ፣ ስለ ጎረቤቷ አዲስ አጥር አወሩ። ሊሄድ ሲል የሻይ ማንኪያውን ወደ ቦታው ሊመልስ መሳቢያውን ሳበ። ረዳቱ ማንኪያዎቹ መሃል በጀርባው ተጋድሞ ፈገግ ብሎ ያየዋል። መስኮቱ ላይ ቆሞበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ጥርስ ሠሪው መሳቢያውን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ለሚስቱ ነገራት።

«እጁን ብቻ አላለችህም?» አለችው።

«ብላኛለች።»

«አንተ፣ ጥርስ ሊያስገባ የመጣን ሰውዬ አፍንጫውንም አስተካክለህ ነው እንዴ የምትልከው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ገባው። እሱ አክሞ የመለሰው በአሥራ አንድ ዓመቱ የሰጠውን አሻንጉሊት ነው። ያ ፈገግታ የሚናፍቀው ለእሱ ነው። እህቱ ያን ፈገግታ አስታውሳውም ላታውቅ ትችላለች፤ የእሷ ረዳት ፊት የሌለው ነው፣ የባሏ ጣት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያጎደጎደው። እሱን ነው በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ዱቄቱን በብሩሽ ጠርጎ የጣለው። አፈረ፤ በጣም አፈረ።

በማግስቱ ስልክ ደወለ። «እትዬ፣ ያ ቀለም ይለቃል፤ አምጪው እንደነበረ ላድርገው» አላት። ድምፅዋ ወዲያው ፈካ። «ይለቃል እንዴ?» አለች። ረዳቱን ወሰደ። እንደነበረ እንደማይሆን ያውቃል። ቀለሙስ ይለቅ ይሆናል፤ የተፋቀው ግን የለም።

ያኔ ነው ልኩ ትዝ ያለው። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የሰዎች መንጋጋ ቅርጽ በተደረደረበት ሣጥን መሃል፣ ሁለቱ የሲሊኮን ክፋዮች እንዳሉ አገኛቸው። ገጥሞ፣ ሲደርቅ ፕላስቲክ የሚሆን ሙጫ አፈሰሰባቸው። የመጀመሪያውን አረፋ አበላሸው፤ ሁለተኛው ወጣለት። ጎድጓዳ ፊት፣ የተበላ ጃኬት፣ እግሩ ሥር የቢላ ጭረት ሳይቀር። በፀሐይ እንደነጣ አድርጎ ቀለም አነካካው፣ በእጁ ላብ አሸው፣ በጨርቅ ወለወለው። እጁንም ገጠመለት። ሚስቱ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ይሄማ ራሱ ነው» አለች።

«አይደለም።»

ሚስቱ አየችው። «ልትነግራት ነው?»

ረዳቱን ከእጇ ወስዶ በጨርቅ ጠቀለለው። ለእህቱ የሚነግራትን አዘጋጅቶ ጨርሷል፤ ቀለሙ ታጠበ፣ ሥር ያለው ወጣ፣ ይኸው። ለእህቱ ሰላም ነው፤ ለእሱም ሰላም ነው። ማንን ይጎዳል?

እህቱ ወጥ ቤቱ ውስጥ እጇን አድርቃ ተቀበለችው። አውራ ጣቷ ሄደ፤ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ፤ ቆመ። ትከሻዋ ወረደ፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይኸው» አለች። «መጣ።»

ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሊልም ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ሳትገልጥ ቀጠለች፤ «ልብሱን ሰጠሁ፣ ጫማውን ሰጠሁ። የእጁ ሥራ ያለበት ሌላ ነገር የለኝም። ይቺ ብቻ ናት።»

ጥርስ ሠሪው ጣቷን አየ። የምትዳስሰው እሱ የሠራውን ነው። በቀሪ ዕድሜዋ በየቀኑ የወንድሟን ውሸት ስትዳብስ ልትኖር ነው።

«እትዬ፣ እሱ አይደለም።»

ዓይኗን ገለጠች።

«አስመስዬ የሠራሁት ነው። ዋናውን ፍቄዋለሁ። ተመልሶ አይመጣም።»

ጣቷን ከፊቱ ላይ አነሳች። ረዳቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ገፋ አደረገችው።

«እጁን ብቻ አልኩህ።»

«ብለሽኛል።»

«ሁለት ጊዜ አልኩህ።»

«ሁለት ጊዜ።»

«ያኔም እንዲህ ነበርክ። ቁልፍ ስፋልኝ ብልህ እጅጌውን የምታሳጥር ልጅ።» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሱም እንደ ልጅነቱ ቆሞ አለቀሰ። አላባበለችውም፣ ተውም አላለችውም። ሲበቃው አፍንጫውን ጠረገ።

«ይሄንን ታዲያ ከየት አመጣኸው?» አለች ቆይታ፣ አዲሱን በአገጯ እያመለከተች። «ፊቱን ያን ያህል ታስታውሰዋለህ?»

«ሳልነካው በፊት ልኩን ወስጄ ነበር።» ዋሽቷት ሲወጣ መንገድ ላይ ሊጥለው ቅርጹን ቦርሳው ውስጥ ከቶት ነበር። አወጣና ሁለቱን ክፋዮች ጠረጴዛው ላይ ከፈተላት። «እዚህ ውስጥ ነው ያፈሰስኩት።»

እህቱ መነጽሯን አደረገች። ጎንበስ ብላ በሲሊኮኑ ውስጥ የተቀረጸውን ክፍተት አየች፤ ቆቡን፣ ትከሻውን፣ እግሮቹን። በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይቺ ጉብ ያለችው ምንድነች?»

«እሷማ ፊቱ ናት። ቅርጽ ሁሌ ግልባጭ ነው፤ እዚያ የጎደጎደው እዚህ ጉብ ይላል። በጥርስም…» ብሎ ጀመረና አቆመ።

ሠላሳ ዓመት ቅርጽ ሲያነብ የኖረ ሰው ሁለት ጊዜ ሙጫ ሲያፈስ ይቺን ጉብታ አላያትም። ረዳቱን ያጎደጎደው ምን ነበር? አውራ ጣት። የጉድጓዱ ግልባጭ ታዲያ ምንድነው? ምስር የምታህል፣ ክብ፣ በአንድ ጎኗ ትንሽ ዘንበል ያለች ጉብታ። ሾፌሩ ቀኝ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ በጎን ነበር የሚጫነው።

«ምነው?» አለች እህቱ።

«የጋሼ አውራ ጣት ነው» አላት። «እውነተኛው ረዳት ላይ ነው የተወሰደው፣ ምንም ሳልነካው። ይሄ አስመስዬ የሠራሁት አይደለም፣ እትዬ።»

ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ደግሞ እያባበላት እንደሆነ ልታውቅ። ከዚያ አውራ ጣቷን ጉብታዋ ላይ አሳረፈች። ጣት በጣት ላይ። ከቧንቧው ውኃ ጠብ ይላል። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ግን ሰው እጇን እንደያዘው ሆነ።

ኋላ ላይ አስመስሎ የሠራውን ወደ እሱ ገፋችለት። «ይሄን ለሕዝብህ ውሰደው። ያንን ፈገግተኛውንም አስቀረው፤ መጀመሪያም ያንተ ነበር።» «ሕዝብህ» የሚለውን ከሚስቱ መስማቷን እስከዚያ ቀን አላወቀም ነበር። ፊት ያለበትን ክፋይ አነሳችና መስኮቱ ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ አቆመችው።

ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ አውራ ጣቷን እዚያው አድርጋ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ «ረዳት፣ ሁሉም ገብቷል?» አለች።

ጥርስ ሠሪው ድምፁን ሊያቀጥን ሞከረ። እምቢ አለው፤ የወጣለት የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ሻካራ ድምፅ ነበር።

«ገብቷል ጋሼ፣ ሂድ።»