ጭስ የማይወጣባቸው ጣራዎች

ደላላው ተክሌ የብረት በሩን እያንኳኳ "ይኼ ሰፈር ሰላም ነው፤ ማንም ማንንም አይነካም" ሲል፣ እማማ ንግስት ዓይናቸውን ከጣራው ላይ አልነቀሉም። ጭስ እየፈለጉ ነበር። ባሕር ዳር ከገቡ ሁለት ቀናቸው፣ ለመከራየት ሲያዩ ይኼ ሦስተኛ ቤታቸው ነው፤ እስካሁን ካንዱም ጣራ ጭስ ሲወጣ አላዩም።

ይሳቅባቸው እንጂ እሳቸው የሚያውቁትን ያውቃሉ። አምና አገራቸው ሲማዳ፣ ወገዳ ላይ ስኳራቸው ወርዶ ምድጃው ጥግ ሲወድቁ የደረሰላቸው ጎረቤታቸው አያሌው ነው። የንግስት ቤት ሳይጨስ ረፈደ ብሎ በሩን ገንጥሎ ገባ። አሁን ነርሷ ልጃቸው ሰናይት ወደ ከተማ ተዛወረችና እናቴን ጥዬ አልሄድም ብላ አመጣቻቸው። ታዲያ እሷ ተረኛ ሆና ስታድር እሳቸው ቢወድቁ ማን ያውቃል? ይህን ለሰናይት አልተነፈሱላትም። ሥራዋን ትታ ከጎኔ ትቀመጣለች ብለው ፈሩ።

ሰናይት የቤቱን ሴራሚክ ስታይ ፊቷ በራ። እናትየው ግን መጣሁ ብለው ወጡና ውሃ ለመለመን የጎረቤቱን በር አንኳኩ። ከውስጥ አንድ ድምፅ፣ ማን ነሽ እንኳ ሳይል፣ የለም አለ። የሚቀጥለው ጭራሽ አልመለሰም። ሰላም ያለው ይኼን ነው እንዴ፣ መቃብርም እኮ ሰላም ነው ሲሉ ተክሌን በሆዳቸው አሙት። በሬ ሻጭ በሬው እያረሰ እንደሚተኛ መች ይናገራል!

አራተኛው ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ግቢው አራት ተከራይ ያለበት፣ ቧንቧው የጋራ። ተክሌ ራሱ አፈረበት። እማማ ንግስት ገና ከመግባታቸው ልብስ ታጥብ የነበረች መዓዛ የምትባል ተከራይ፣ አረፋው ከእጇ እየተንጠባጠበ መጥታ መንገድ ዘጋችባቸው።

"ማንን ፈልገው ነው?"

"ውሃ ጠምቶኝ ነው ልጄ።"

ውሃውንስ ሰጠቻቸው፤ ጥያቄዋን ግን አላቆመችም። ከየት መጡ፣ ሲማዳ የማን ልጅ ነዎት፣ ያቺ አብራዎት የመጣች ልጅ የመብራት ቆጣሪው ላይ ምን ታያለች? ባለፈው ወር ቤት እናያለን ብለው የመጡ ሰዎች ቴሌቪዥን ይዘው ሄደዋል። ሦስቴ መለሱላት፣ ሦስቴም አላመነቻቸውም። በመጨረሻ ዘንቢልዎን ካላየሁ አለች። ከፈተችውና መርፌ አገኘች።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የስኳር መድኃኒቴ ነው።"

መዓዛ ቀና ብላ ፀሐዩን አየች። "ታዲያ እስከዚህ ሰዓት ምን በልተው ነው የሚዞሩት?" አለችና መልስ ሳትጠብቅ ገብታ ቁራሽ ዳቦ አመጣችላቸው።

ሰናይት ግን ደሟ ፈልቷል። "እናቴን እንደ ሌባ ትፈትሻለች! ተነሽ እማ፣ ባለ ሴራሚኩን እንከራያለን።"

እማማ ንግስት ዳቦውን እያላመጡ ከተቀመጡበት ድንጋይ አልተነሱም።

"እዚያ ብወድቅ ሦስት ቀን የሚያውቅ የለም፤ አንቺም ሁልጊዜ አትኖሪም። ይቺ ግን አንድ ጠዋት በሬን ሳልከፍት ካረፈድሁ፣ ምን ደብቃ ነው ብላ ትመጣለች።"

ሰናይት ቀና ብላ የግቢውን ጣራ አየች። ለካ እናቷ ሁለት ቀን ሙሉ ጣራ ጣራ ሲያዩ የከረሙት ለዚህ ኖሯል።

እማማ ንግስት ከጉያቸው የቀበሌ መታወቂያቸውን አውጥተው ለመዓዛ ዘረጉላት።

"ካላመንሽኝ ያዥው። ነገ ዕቃችንን ይዘን ስንመጣ ትመልሽልኛለሽ።"

መዓዛ ፎቶውን ከፊታቸው ጋር ሁለቴ አስተያየችና ከመቀነቷ ሸጎጠችው።