የባረንድ ተረከዝ

አሌታ የልጇን የሊዜትን የሰርግ ጫማ ከካርቶኑ አወጣች። ሊዜት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን ሰደደችበት፤ ከኋላ አልገባ አለ።

"ቁጥሩማ ልኬ ነው። ይሄ ነው እንቢ ያለኝ" አለች፣ ከተረከዟ በላይ ጅማቱ ላይ የወጣውን ባቄላ የሚያህል ጠንካራ እብጠት እየነካካች።

የአሌታ አማት፣ ሊዜት ኦማ (አያቴ) የምትላቸው ሲቤላ፣ በሩ ላይ ቆመው ሳቁ። "የአባቷ ተረከዝ! የአያቷም እንዲሁ ነበር። ጫማ ሰሪ ያማርር እንጂ የዚህ ቤት ልጅ መሆኗን ማን ይክዳል?"

ሊዜትም ሳቀች። አሌታ ግን ጫማውን እንደያዘች ቀረች።

ከሦስት ዓመት በፊት ባሏ ባረንድ በአርባ አራት ዓመቱ የእሑድ ምሳ በልቶ ሲነሣ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርሱ አልፎ ነበር። ሐኪሟ አንሶላውን የገለጠችው ከግርጌ ነው። ተረከዙን በጣቶቿ ዳሰሰች።

"ሲወለድ ጀምሮ ሰውነቱ የደሙን ስብ ማጥራት አይችልም ነበር" አለቻት። "ትርፉ ደም ሥሩ ውስጥ፣ ጅማቱም ላይ ሲጠራቀም ኖረ። ስብ ከበዛበት ማዕድ በኋላ ደግሞ ደም ለመርጋት ይቀለዋል። የጠበበው ቦታ ላይ ሲረጋ ልብ ደም ያጣል። ልጅ ካለሽ አስመርምሪ። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወንድ ሴት አይልም።" ይህንኑ ጽፋ ሰጠቻት።

አሌታ ወረቀቱን የቤተሰቡ ልደትና ሞት በሚመዘገብበት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከተተችው፤ ዳግመኛም አላወጣችውም። የዚያን እሑድ የበጉን ላት ጠብሰው ለልጃቸው ያቀረቡት ኦማ ሲቤላ ነበሩ። ለእናት ይህ እንዴት ይነገራል? ደግሞም በዚያ ቤት በልብ ሕመም የሚሞቱት ወንዶቹ ናቸው ይባል ነበር። እሷም ማመኑ ቀለላት።

ጫማው በተሞከረበት ቀን ምሳ ላይ ኦማ ሲቤላ ከፍሙ የወረደውን ላት ቆርጠው ሊዜት ሳህን ላይ አደረጉ። "ብዪ እንጂ! ሙሽራ አጥንቷ ሲቆጠር አያምርም።"

አሌታ ተነሥታ መጽሐፍ ቅዱሱን አመጣችና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። "እማማ፣ እዚህ 'ራሄል፣ ሃምሳ አንድ ዓመት፣ በሐዘን' ይላል። የባረንድ አባት እህት ናቸው?"

"ናት። ባሏን በቀበረች በዓመቷ ሐዘን ገደላት። አገር ያወቀው ነው።"

"ተረከዛቸውስ?"

አሮጊቷ ሹካቸውን አስቀመጡ። "ጫማ ከኋላ አይበረክትላትም ነበር" አሉ።

አሌታ ወረቀቱን ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ደበቅሽኝ?" አለች ሊዜት።

"አዎ" አለች እናቷ። ምክንያት አልጨመረችም።

"ላቱን ያበላሁት እኔ ነኝ" አሉ ኦማ ሲቤላ።

"የአንድ ቀን ላት ብቻ አይደለም እማማ። ከደሙ ጋር የመጣ ነው። በጊዜ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው። ነገ ሊዜትን ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ።"

"ከዚህ ቤት ነው በይኛ። እኔ እኮ በተረከዙ ስኮራ ኖርኩ።"

ኦማ ሲቤላ እጃቸውን ዘርግተው ላቱን ከሊዜት ሳህን አነሡና ወደ ራሳቸው ሳህን መለሱት። አልበሉትም።

"ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?" አሉ።

"እርስዎም ይመጣሉ?" አለች አሌታ።

"ማን በምን ሞተ ብለው ሲጠይቋችሁ ምን ልትሉ ነው? እዚህ የተጻፈው ግማሹ ውሸት ነው" አሉና መጽሐፉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። "ሊዜት፣ እስክሪብቶ አቀብዪኝ።"