የኦቦ ጅሩ ነጭ ሱሪ

ስንዴውን ለማየት ብሎ ነጭ ሱሪ ለብሶ ጭቃ ውስጥ የሚገባ ሽማግሌ አለ ቢሉኝ፣ ኦቦ ጅሩን ባላውቅ ኖሮ እስቅ ነበር። ሲናና ውስጥ የማያውቃቸው ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ "ሙሽራው መጣ!" ይላል። እሳቸው ግድ የላቸውም። ጠዋት ጤዛው ረገፍ ሲል ያን ሱሪ ለብሰው የራሳቸውንም የጎረቤታቸውንም ማሳ አቋርጠው ይወጡና ቆመው ጉልበታቸውን ያያሉ። ሱሪው እንደነጣ ከሆነ ሰላም ነው። ቢጫ ዱቄት ከያዘ ግን ስንዴው ውስጥ ዋግ የሚሉት በሽታ ገብቷል፤ ሰው ገና ልብ ሳይለው ሱሪው ይናገራል።

እኔ ጁሀራ እባላለሁ። ሮቤ ላይ ስልክ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ለስንዴ ገበሬዎች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። ኦቦ ጅሩ የሚይዙት ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ስለሆነ፣ ሱሪው ቢጫ በያዘ ቀን ሱቄ ድረስ መጥተው ይቆሙልኛል፤ እኔ ጉልበታቸውን ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ። ያየ ሁሉ በዚያው ቀን መድኃኒት ይረጫል። ከጋሰራ እስከ ጎባ ሁለት ሺህ ሰው ገባበት። "ጅሩ ዝም ካለ ተኛ" የሚል አባባል ሁሉ ወጣለት። ሰውም እውነትም ተኛ፤ በየጠዋቱ የገዛ ማሳውን መዞር ተወ። እኔ ሞኟ ደግሞ በዚህ እኮራ ነበር።

ባለፈው ክረምት ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ተከፈተ። ስሙን አንዴ ብቻ ነው የምጽፈው፦ የዲጂታል መልእክቶች ሥርዓት ማስያዣ ጽሕፈት ቤት። ከአምስት መቶ ሰው በላይ ያለው ግሩፕ ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። የሚለጠፈው ነገር አስቀድሞ በሁለት ቅጂ ይቀርባል፤ መልስ የሚሰጠው በአምስት የሥራ ቀን ነው። ያልተፈቀደ መረጃ "በማንኛውም መንገድ" ያሰራጨ ሱቁ ይታሸጋል። ለማስፈራራት ያህል እንዳይመስላችሁ። ነሐሴ ላይ አንዱ ገበሬ ግሩፑ ውስጥ "የበልጉን ስንዴ የሚያጭድ ኮምባይነር ዘገየብን፣ የሚሰማን አጣን" ብሎ ስለጻፈ ሱቄ አሥራ አንድ ቀን ታሽጓል። ሲከፈትልኝ ያልተፈቀደ ላለመለጠፍ ፈርሜ፣ ግሩፑን ከእኔ በቀር ማንም እንዳይጽፍበት አደረግሁት።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦቦ ጅሩ መጡ። ሱሪያቸው ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት እርድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ። እንዴት አደርሽ ልጄ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ኦቦ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

"እኔስ ደህና አደርኩ፤ ስንዴው ነው ያላደረው። እንዲህ ያለ ዋግ በዕድሜዬ ሁለቴ ነው ያየሁት። ሳምንት አይሰጥም፣ ዛሬውኑ ላኪው።"

ፎቶውን አነሳሁ። ጽሑፉንም ጻፍኩ፦ "ስንዴው ዋግ ይዟል፤ ዛሬ ርጩ።" ጣቴ መላኪያው ላይ ደርሶ ቆመ። ነሐሴ ላይ የሱቄ በር ላይ የነበረው የማሸጊያ ወረቀት ታየኝ።

"እልከዋለሁ" አልኳቸው። መቼ እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም፣ ስላመኑኝ። ለጎረቤቶቻቸው ሊናገሩ እየተጣደፉ ሄዱ።

ወረቀቴን በሁለት ቅጂ አትሜ ወደዚያ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መልእክት የሚመረምረው ኢፋ ነው፤ የመጀመሪያ ስልኩን ከእኔ የገዛ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ቁጣዬ የሚብሰውም ለዚህ ነው፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

"ዋግ ይዟል ይላል" አለኝ። "የሚመለከተው አካል አረጋግጧል?"

"ሱሪው አረጋግጧል።"

"እህት ጁሀራ፣ ሱሪ አካል አይደለም። ደግሞ ሕዝብ ላይ ስጋት ይፈጥራል።"

"ስጋት የፈጠረው ዋጉ ነው ወይስ ፎቶው? አምስት ቀን ከቆየኮ የሚረጭ ስንዴ አይኖርም!"

"እኔ ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው።" ድምፁን ለስለስ አደረገ። "ለእርስዎም ይሻላል። ዝም አይነቅዝም።"

በማኅተሙ ቀኑን መታበት። ልወጣ ስል ከወንበሩ ተነስቶ ተከተለኝና በሩን ገፋ አደረገው።

"ለመሆኑ… ወደ ሰልካ በኩልስ ይደርሳል? አባቴ የዘራው እዚያ ነው።"

እሱንም በሁለት ቅጂ አቅርብ ልለው ይገባ ነበር። ግን ስንዴ ነው፣ የሰው እንጀራ ነው። "ዛሬውኑ ይርጩ" አልኩት። ስልኩን እያወጣ ሲመለስ አየሁት። እንግዲህ በዚያ ቀን ስለ ዋጉ የነገርኩት አንድ ሰው ቢኖር፣ እንዳልናገር የከለከለኝ ሰው ነው።

ለሌላው ለምን በስልክ አልደወልሽም ትሉኝ ይሆናል። "በማንኛውም መንገድ" የሚለው ነገር አሰረኝ። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም። ጎባ ያለችውን ዙሀይራን ለምሳሌ፣ ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁ። ቁርአን አብረን ነው የቀራነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት የስንዴ ማሳ ነው። ስልኩን ሁለቴ አንስቼ ሁለቴ አስቀመጥኩት። ነገ ይፈቀዳል፣ ከነገ ወዲያ ይፈቀዳል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ኦቦ ጅሩ የላክሁት መስሏቸው ተረጋግተዋል። ሁለት ሺህ ሰው ደግሞ በየጠዋቱ ስልኩን እየከፈተ ባዶ ግሩፕ ያያል፤ ጅሩ ዝም ብሏል፣ እንግዲያው ሰላም ነው ይላል። አፌን የዘጉት መስሏቸዋል እንጂ በየቀኑ ለሁለት ሺህ ሰው "ስንዴህ ደህና ነው" እያልኩ ስዋሽ ነበር።

ፈቃዱ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። "ዋግ" የሚለው ተሰርዞ "መጠነኛ የቅጠል ቀለም ለውጥ" ተብሏል። "ርጩ" የሚለው "የሚመለከተውን አካል ያማክሩ" ሆኗል። በመመሪያው መሠረት ማኅተም ያረፈበት ወረቀትም አብሮ መለጠፍ አለበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ለጠፍኩት።

በማግስቱ ዙሀይራ በሚኒባስ ከጎባ መጣች። ሰላምታም አላስቀደመችም። በፌስታል የያዘችውን፣ ከነሥሩ የተነቀለ አንድ እፍኝ ስንዴ አውጥታ ስልክ የማሳይበት መስታወት ላይ አስቀመጠችው። ቅጠሉ ደርቆ ተጨማዷል። እጇን ስታነሳ መስታወቱ ቢጫ ሆነ።

"የግብርና ባለሙያው መጥቶ አየው፣ ረፍዷል አለኝ" አለች። "እኔ በየጠዋቱ ስልኬን እከፍታለሁ። ጅሩ ዝም አለ ብዬ ተኛሁ። ወላሂ፣ ሽማግሌው የሞቱ መስሎኝ ሁሉ ነበር።"

ስልኳን አውጥታ የለጠፍኩትን ወረቀት በጣቷ አሰፋችው። ማኅተሙን አሳየችኝ።

"ማክሰኞ የቀረበ ይላል። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ። ጁሀራ፣ ታውቂ ነበር?"

መመሪያ ነው ልል አፌ ላይ መጣ። የኢፋ ቃል ነው፤ ከምላሴ ጫፍ መለስኩት።

"አውቅ ነበር።"

"ለማንም አልተናገርሽም?"

"ለአንድ ሰው ተናግሬያለሁ።"

"ለማን?"

ሁሉንም ነገርኳት፤ ኢፋን፣ በሩን ገፋ ማድረጉን፣ ሰልካ ያለውን የአባቱን ማሳ። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ትሰድበኛለች፣ ቢያንስ እሱን ትረግማለች ብዬ ጠበቅሁ። ስንዴዋን ቀስ ብላ ሰብስባ ወደ ፌስታሉ መለሰችው።

"እሱ እንኳ የራሱን ሰው አስጠነቀቀ" አለችና ወጣች።